ለወደቀው ከብት ገንዘብ አለ፤ ለሚሮጠው ልጅስ?

ካሜራ ወደ ቦረና ምድር የሚወስደውን መንገድ ከተማረ ቆይቷል። በሐዋሳ፣ በዲላና በሐገረ ማርያም አድርጎ ወደ ሞያሌ በሚወርደው አውራ ጎዳና ተጉዞ ያቤሎ ይደርሳል፤ ያቤሎ አድሮ ወደ ዱብሉቅ፣ ወደ ሜጋና ወደ አሬሮ ይበተናል። ሊያይ የሚመጣውም ነገር የታወቀና የተቆጠረ ነው። በቅብብሎሽና በዜማ ከጥልቅ ጉድጓድ ውኃ የሚቀዳባቸውን የቱላ ኤላዎች ያያል፤ ከኤልሶድ ሐይቅ ጨው የሚያወጡትን ሰዎች ያያል፤ ከያቤሎና ከአካባቢዋ በቀር በዓለም ላይ የትም የማትገኘዋን ወፍ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያሳድዳል። ዝናብ የቀረ እንደሆነ ደግሞ የወደቀውን ከብት፣ የነጣውን አጥንት፣ ባዶ ጄሪካን ይዛ የቆመችውን እናት ያያል። ጎሕ ሲቀድ በዚያው አውራ ጎዳና ዳር ልምምዱን የሚሮጠውን ወጣት ግን አያየውም። ከሰዓት በኋላ በቀይ አቧራ ውስጥ ኳስ የሚያሳድዱትን ልጆች በመኪና መስኮት አይቶ ያልፋቸዋል።

ለምን? ሯጩ ስለሌለ አይደለም፤ አለ። የትምህርት ቤቶችም፣ የወረዳዎችም ውድድር አለ። የሚያነሣ እጅ ስለጠፋም አይደለም። በያቤሎ፣ በነገሌ ቦረናና በሞያሌ የሠርግና የምርቃት ፎቶግራፍ እያነሡ የሚተዳደሩ፣ የዓይናቸው ፍጥነት ግን ለሜዳ የተፈጠረ ወጣቶች አሉ። ምክንያቱ ሌላ ነው። ካሜራ በገዛ እግሩ አይሄድም፤ ገንዘብ ይልከዋል። ገንዘብ ደግሞ በቅጽ ይጠየቃል፤ ቅጹም የሚፈልገውን መልስ አስቀድሞ ያውቃል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር እነሆ ይህ ነው፦ ዛሬ ለጀማሪ ፎቶግራፍ አንሺ የሚሰጠው ድጎማ የቆላውን ወጣት የወገኑን መከራ እንዲያቀርብ እንጂ የወገኑን ጉልበት እንዲያሳይ አይከፍለውም። ለዚህም ተጠያቂው ቅጹን ያዘጋጀው ባዕድ ብቻ አይደለም፤ የራሱን ቅጽ ለማዘጋጀት ያልተነሣው የአገር ቤት ተቋም ጭምር ነው።

ይህን ስንል የመከራ ፎቶግራፍ አይነሣ ማለታችን አይደለም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው መሐመድ አሚን በኮረም ያነሣው ፊልም ዓለምን ቀስቅሶ የብዙ ወገኖቻችንን ነፍስ እንዳተረፈ የሚክድ የለም። ከ2013 ዓ.ም. የሐገያ ዝናብ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉና የቦረና መንጋ በየሜዳው ሲረግፍ፣ ያን ጥፋት መዝግቦ ለሰሚ ያደረሰ ካሜራ ሁሉ ምስጋና ይገባዋል። ስሕተቱ ያ ዓይን መኖሩ ሳይሆን ብቸኛ ዓይን ሆኖ መቅረቱ ነው። የኮረም ምስል አርባ ዓመት ሙሉ አገሪቱን ወክሎ ኖረ፤ ዛሬ ደግሞ የደረቀው የቦረና ሜዳ ሕዝቡን በሙሉ እንዲወክል ተፈርዶበታል። በድርቅ ዘመን ብቻ የሚታይ ሕዝብ፣ ዝናብ ሲዘንብ ከዓለም ዓይን ይሰወራል።

የራሳችንም ዓይን ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። የአሶሺየትድ ፕሬስ ባልደረባ የሆነው ሙሉጌታ አየነ በ2012 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የፕሬስ ፎቶግራፍ ውድድር ለዓመቱ ምርጥ ፎቶግራፍ ከታጩት አንዱ ለመሆን በቅቷል። ይህ ለኢትዮጵያ ፎቶግራፍ ታላቅ ክብር ነው። የታጨበት ምስል ግን በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የተከሰከሰው አውሮፕላን ዘመዷን የነጠቃት ሴት በሐዘን አፈር በፊቷ ላይ ስትበትን የሚያሳይ ነው። ሙሉጌታ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ ነቀፌታ ቢኖር ለእርሱ አይደለም። የሚያሳዝነው፣ በሯጮቿ በዓለም የታወቀች አገር በፎቶግራፍ አንሺዎቿ ዓይን ስትታወቅ በልቅሶ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ቅጹ እንመለስ። አንድ የያቤሎ ወጣት የወረዳውን ሯጮች አንድ ዓመት ተከትሎ ለማንሣት አሰበ እንበል። ያሰበው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ትምህርቱንም የጀመረው በቁቤ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ ሲዞር አማርኛም ያስፈልገዋል፤ ማመልከቻውን ግን በእንግሊዝኛ መጻፍ አለበት፤ ያውም በትምህርት ቤት በተማረው እንግሊዝኛ ሳይሆን ድጎማ ሰጪዎች እርስ በርስ በሚግባቡበት ልዩ ዘዬ። በዚያ ዘዬ «ሯጮችን ማንሣት እፈልጋለሁ» አይባልም። ሐሳቡ ስለ ቀውስ፣ ስለ ስደት፣ ስለ አየር ንብረት ለውጥ እንዲናገር ተደርጎ መታጠፍ አለበት። ያልታጠፈ ሐሳብ ከደጅ ይመለሳል።

የልደት ቀን ሲጠየቅ ከቀበሌ መታወቂያው ላይ እንዳለ የገለበጠ እንደሆነ፣ በወረቀት ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል፤ «ዕድሜው ከ30 በታች» የሚለው ደንብም ገና ሳይጀምር ይጥለዋል። የቤተ ሰብ ስም ሲጠየቅ የአባቱን ይጻፍ ወይስ የአያቱን? በቅጹ የጻፈው ስም በባንክ ደብተሩ ካለው ካልገጠመ፣ ቢመረጥ እንኳ ገንዘቡ ይንገላታል። ከዚህ ቀደም ሥራው በየትኞቹ መጽሔቶች እንደ ታተመ ይጠየቃል፤ ድጎማውን የሚፈልገው ግን ገና ስላልታተመ ነው። ሁለት የታወቁ ባለሙያዎች እንዲመሰክሩለት ይጠየቃል፤ ሙያውን የሚያውቁለት ምስክሮች አሠልጣኙና የሠርግ ደንበኞቹ ናቸው። ከዐሥር እስከ ሃያ የሚደርሱ ፎቶግራፎች በበይነ መረብ እንዲልክ ይታዘዛል፤ በቀነ ገደቡ ሌሊት መብራትና መስመር ይኖሩ እንደሆነ ዋስትና የሚሰጠው የለም። እያንዳንዱ መሰናክል ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው። ሲደመር ግን አጥር ነው፤ አጥሩም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስቀረው ከከተማ ርቆ የሚገኘውን ነው።

ነገሩ በስፖርት ላይ ሲሆን ይብሳል። ዋና ከተማው አምስተርዳም የሆነው ያው የፕሬስ ፎቶግራፍ ውድድር ለብዙ ዓመታት ለስፖርት የተለየ ምድብ ነበረው። ከ2014 ዓ.ም. ውድድር ጀምሮ ግን አሠራሩ ተለውጦ በርእስ መመደቡ ቀረ፤ በምትኩ ዓለም በስድስት ክልሎች፣ ሥራዎቹም በነጠላ ምስል፣ በተከታታይ ታሪክ፣ በረጅም ጊዜ ሥራና በነጻ አቀራረብ ተከፈሉ። አፍሪካ የራሷን ክልል ማግኘቷ መልካም ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የመጨረሻውን መስመር የሚያልፍ ሯጭ ምስል ከጎርፍ፣ ከጦርነትና ከስደት ምስል ጋር በአንድ ሚዛን ላይ ይቀመጣል። ዳኛው ሰው ነውና፣ በቀብር ፊት ስለ ኳስ ማውራት ያሳፍረዋል። ሽልማት ድጎማ አይደለም ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ሆኖም ገንዘብ ሰጪው የትኛው ዓይነት ሥራ ክብር እንዳለው የሚማረው ከሽልማቱ መድረክ ነው።

የስፖርት ፎቶግራፍ ቀላል ጨዋታ የሚመስለው ካለ፣ የገዛ ታሪካችንን ይመልከት። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲሱ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የሮምን ጎዳና ሮጦ ድል አደረገ። የሮጠው በጣሊያን ወረራ ዘመን ተነቅሎ በተወሰደው የአክሱም ሐውልት አጠገብ አልፎ ነው። በዚያን ጊዜ በአገራችን ቴሌቪዥን አልነበረም፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው በጥቅምት 1957 ዓ.ም.፣ አበበ ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን የማራቶን ድል ከተቀዳጀ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ስለዚህ ያን ባዶ እግር በዓይነ ልቡናችን የምናየው በባዕድ ሌንስ ነው። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። የዚያ ምሽት ፎቶግራፍ ግን ከነመብቱ ባመዛኙ በባሕር ማዶ የፎቶ ድርጅቶች መዝገብ እንደ ተቀመጠ ነው፤ መጽሐፍ ልናሳትምበት ስንፈልግ የገዛ ጀግናችንን ምስል በውጭ ምንዛሪ እንገዛለን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው አይደለምን?

ከዚያም ወዲህ የተለወጠው ጥቂት ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ድል አድርጋ፣ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ከኤላና ማየር ጋር ሜዳውን አብረው ሲዞሩ፣ ያ ምስል የአፓርታይድን ማክተም ከብዙ ንግግር ይልቅ አብራርቷል። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በመቶኛ ሴኮንድ ዘጠኝ ብቻ ነበር፤ ያን ልዩነት ዓይን አይይዘውም፤ ካሜራ ግን ይይዘዋል። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ፈይሳ ሌሊሳ ሪዮ ላይ የማራቶኑን መጨረሻ ሲያልፍ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ ያሳየው ምልክት፣ ዓለም ስለ ኦሮሚያ እንዲጠይቅ ያደረገ ምስል ነው። እንግዲህ የስፖርት ፎቶግራፍ ከድል ዜና ጋር የሚለጠፍ ጌጥ ብቻ ነው የሚለን ማነው? የአገር ታሪክ በሩጫ ሜዳ ላይ ሲያልፍ አይተናል። የሰው ወርቅ ግን አያደምቅም፤ ያየነው በተውሶ ዓይን ነው።

ለጀማሪ ድጎማ ምን እንደሚገዛለት ከሌሎች አገሮችም መማር ይቻላል። በታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ኒል ላይፈር የተባለ የኒው ዮርክ ልጅ፣ ዐሥራ ስድስት ዓመት በሞላው ቀን፣ ወደ ያንኪ ስታዲየም የገባው የአካል ጉዳተኞችን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ነበር፤ ሌላ የመግቢያ ፈቃድ አልነበረውምና። በዚያ የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ ላይ ያነሣው ምስል የሙያው በር ከፋች ሆነለት። ይኸው ሰው በግንቦት 1957 ዓ.ም. መሐመድ ዓሊ በወደቀው በሶኒ ሊስተን ራስ ላይ ቆሞ ሲጮህበት አነሣው። በዚያ ፎቶግራፍ ላይ በዓሊ እግሮች መካከል ሌላ ፎቶግራፍ አንሺ ይታያል፤ እርሱም ባለሙያ ነበር፤ የተቀመጠው ግን በተቃራኒው ወገን ነበር። በስፖርት ፎቶግራፍ ትልቁ ሀብት ቅርበት ነው። ያቤሎ ላይ ደግሞ አጥር በሌለው ሜዳ፣ ሯጮቹን በስማቸው የሚጠራ፣ አሠልጣኙ የሚያውቀው፣ መቼና የት እንደሚለማመዱ የማይጠፋው ወጣት ይህ ሀብት አለው። የጎደለው ሌንሱ፣ የመንገድ ወጪውና ሠርግ ሳያነሣ የሚያድርበት ጊዜ ነው።

ጊዜ ማለታችን በከንቱ አይደለም። ስዊስ ተወላጁ ሮበርት ፍራንክ በ1947 ዓ.ም. ከጉገንሃይም ፋውንዴሽን ድጎማ አግኝቶ አሜሪካን በመኪና ሲያቋርጥ ከ27 ሺህ በላይ ምስሎች አነሣ፤ በመጽሐፉ ያወጣው ግን 83 ብቻ ነው። ድጎማ የሚገዛው የሚጣሉትን ምስሎች ነው። ሠርግ የሚያነሣ ሰው መሳሳት አይፈቀድለትም፤ ሙሽራይቱ ሁለተኛ ጊዜ አታገባለትም። አንድ ሯጭ ግን በየማለዳው ይመለሳል። ፎቶግራፍ አንሺውም በየማለዳው ተሳስቶ፣ በአርባኛው ቀን ትክክለኛውን ቅጽበት እንዲያገኝ የሚያስችለው ከእንጀራ ጭንቀት የሚያሳርፈው ገንዘብ ነው።

አንዳንዶች እንዲህ ይሉናል፦ ሕዝብ በተራበበት ምድር ስለ ስፖርት ፎቶግራፍ ገንዘብ መጠየቅ ቅንጦት ነው። ይህ አባባል ርኅሩኅ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ንቀት ነው። የተራበ ሰው ከረኃቡ በቀር ሌላ ታሪክ የለውም ማለት ነውና። በመጠለያ ዳር ጨርቅ ጠቅልሎ ኳስ የሚመታ ሕፃን ድርቁን አይክድም፤ ድርቁ እንዳልጨረሰው ይመሰክራል እንጂ። ደግሞም ከእህሉ በጀት አንድ ብር ይነሣ አላልንም፤ የጠየቅነው ለፎቶግራፍ የተመደበው ገንዘብ ለአንድ ዓይነት ፎቶግራፍ ብቻ እንዳይውል ነው።

ሌሎች ደግሞ፣ ዛሬ ካሜራ በሁሉም ኪስ አለ፤ ድጎማ ለምን ያስፈልጋል? ይላሉ። ብዕርም በሁሉም ኪስ አለ፤ ደራሲ ግን በቁጥር ነው። የእጅ ስልክ ሩቅ የሚሮጠውን ሰው ነጥብ ያደርገዋል፤ የምሽቱንም ግጥሚያ ጭጋግ ያደርገዋል። ከሁሉም በላይ ስልክ ያነሣው ምስል ስልኩ ሲሰበር አብሮ ይጠፋል። በስምና በቀን ተጽፎ፣ ተደርድሮና ተጠብቆ ያልተቀመጠ ምስል ለታሪክ እንዳልተነሣ ይቆጠራል።

አሁን ነቀፌታችንን ወደ ገዛ ቤታችን እናዙር። ጀማሪው የስፖርት ፎቶግራፍ አንሺ የባህል ቢሮን ደጅ ሲጠና፣ «ያንተ ጉዳይ የስፖርት ነው» ይባላል። ወደ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ሲሄድ፣ «ፎቶግራፍ ኪነ ጥበብ ነው፤ ባህልን ጠይቅ» ይባላል። በመጨረሻ በአንዱ ቢሮ የውድድር መዝጊያ ላይ ይጠራና፣ ዋንጫ የሚሰጠውን ሹም እንጂ ዋንጫውን ያመጣውን ልጅ እንዳያነሣ ይታዘዛል። በየጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ የተሰቀለውን ይመልከቱ፤ እጅ ለእጅ የተጨባበጡ ሰዎች እንጂ የሚሮጥ ሰው ማየት ብርቅ ነው። ነገር ግን ይህ የመመላለስ ሰበብ ካለፈበት ቆየ። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት ባህልንና ስፖርትን በአንድ ሚኒስቴር ሥር አዋህዷል። በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ሁለት ክፍሎች እርስ በርስ መነጋገር ካቃታቸው፣ ጉድለቱ የመዋቅር ሳይሆን የፈቃድ ነው።

እኛ በኪነ ጥበብ ማኅበር ስም የምንሰበሰበውም ከወቀሳው አናመልጥም። የሥዕል፣ የቴአትርና የግጥም ምሽት እናሰናዳለን፤ መልካም ነው። የስፖርት ፎቶግራፍ ትርኢት ስንቴ አሰናዳን? በጥር 1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስድ የተነሡትን ምስሎች ሰብስበን ለወጣቱ አሳይተናልን? ለመሥራት የፈለገ ሰው እንደሚችል ማስረጃ አለን፤ አይዳ ሙሉነህ በ2003 ዓ.ም. የጀመረችው የአዲስ ፎቶ ፌስት የዓለም ፎቶግራፍ አንሺዎችን ወደ አዲስ አበባ አምጥቷል። የአንዲት ሴት ፈቃድ ይህን ካደረገ፣ በጀትና ማኅተም ያላቸው መሥሪያ ቤቶች ምን ያግዳቸዋል?

ስለዚህ ጥያቄያችን ግልጽና ጥቂት ነው። አንደኛ፣ የባህልና የስፖርት መሥሪያ ቤቶች ከፌዴሬሽኖች ጋር ሆነው ለጀማሪ የስፖርት ፎቶግራፍ አንሺዎች አነስተኛ ዓመታዊ ድጎማ በብር ያቋቁሙ። ሁለተኛ፣ ማመልከቻው በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በሌሎችም የአገር ቋንቋዎች ይጻፍ፤ ቀኑ በእኛው ዘመን አቆጣጠር ይቆጠር፤ ስምም ከነአባትና ከነአያት እንደ ልማዳችን ይመዝገብ። ሦስተኛ፣ የታተመ ሥራ ቅድመ ሁኔታ አይሁን፤ ዐሥር ፎቶግራፍና አንድ ገጽ ሐሳብ ይበቃል። አራተኛ፣ ረጃጅም ሌንሶችን እያንዳንዱ ወጣት ሊገዛቸው አይችልምና፣ በየዞኑ በውሰት የሚገኙበት ክፍል ይኑር። አምስተኛ፣ ከዳኞቹ መካከል ሯጭ ወይም አሠልጣኝ ይቀመጥ፤ ላልተመረጠውም ያልተመረጠበት ምክንያት ይነገረው። ስድስተኛ፣ መብቱ የአንሺው ሆኖ፣ የእያንዳንዱ ሥራ ቅጂ ሥራው በተሠራበት ከተማ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ የያቤሎ ልጅ የያቤሎን ሯጭ ለማየት ባሕር ማዶ መጻፍ የለበትም።

ለወጣቱም አንድ ቃል አለን። የውጭው ደጅ ይዘጋ አንልም፤ ግባበት። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2002 ዓ.ም. በሲንጋፖር የወጣቶች ኦሎምፒክ ላይ የወጣት ዘጋቢዎችን ሥልጠና ጀምሯል፤ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው የሆነው የወጣቶች ኦሎምፒክም ለጥቅምት 2019 ዓ.ም. ለዳካር ተቀጥሯል። እንዲህ ያለውን በር አንኳኳ። ስታንኳኳ ግን የራስህን ሐሳብ ይዘህ ይሁን። ልደትህን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መልሰህ ጻፍ፤ ስምህን በመታወቂያህ፣ በባንክ ደብተርህና በቅጹ ላይ አንድ ዓይነት አድርግ። በጀትህን አታጋንን፤ የአውቶቡሱን፣ የአልጋውንና የምሳውን ዋጋ እንዳለ ቁጠር። የምታነሣውን ሰው ስም፣ ያባቱን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን በፎቶግራፉ ሥር ጻፍ፤ በባዕድ ካሜራ «አንድ ልጅ» ተብሎ የቀረው የቆላ ሰው ብዙ ነውና። ድርቅ ካለ ድርቁን አትደብቅ፤ ሯጩ የሚሮጥበት ምድር እርሱው ነው። ነገር ግን ሯጩን ለድርቁ ማስረጃ አድርገህ አትሽጠው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ እነዚህ ጥያቄዎች የአንድ ሰው ጩኸት ሆነው ከቀሩ ምላሽ አያገኙም። አሠልጣኙ፣ መምህሩ፣ የስቱዲዮው ባለቤትና የማኅበሩ አባል በየወረዳው አብረው ይጠይቁ። በሚቀጥለው የበጀት ዓመት በየዞኑ ዕቅድ ውስጥ «የስፖርት ፎቶግራፍ» የሚል አንድ መሥመር ይግባ፤ ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም መሥመሩ ይኑር። ያቤሎ ላይ ጎሕ ሲቀድ የሚሮጠው ወጣት የበጀት ዓመት አይጠብቅም፤ ጉልበቱ የሚቆየው ጥቂት ዓመት ነው። እርሱ ሮጦ ሲያበቃ የሚመጣ ድጎማ የሚያነሣው ባዶ መንገድ ብቻ ይሆናል።